ቅቤ የተቀባች ላንድሮቨር

ካምቢዮው ደህና ነበር።

ይህን ከመካኒኩ አፍ የሰማሁ ቀን፣ ጎባ ባለው የእናቴ ግቢ ውስጥ ዘይት የነካው ጆንያ ላይ ተንበርክኬ ነበር። የአባቴን አሮጌ ላንድሮቨር ፈታትተን የማርሽ ሳጥኗን፣ ማለትም ካምቢዮዋን፣ አውርደናል። መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ ጥርሶቹን በጨርቅ ጠረገ፤ በጣቱ አዞራቸው፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

“ወላሂ እህቴ፣ ይሄ ካምቢዮ ምንም የለበትም። ማነው ተበላሽቷል ያላችሁ?”

“አባቴ፣” አልኩት።

ክው ብዬ ቀረሁ። አባቴ እንኳን በትልቅ ነገር፣ ሰው ቤት ሄዶ እየራበው “በልቼ ነው የመጣሁት” ብሎ የማያውቅ ሰው ነበር። መኪናዋን ያቆማት እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ እየተማርኩ ሳለሁ ነው። ለክረምት ስመጣ ከባሕር ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተሰቅላ አገኘኋት፤ “ምን ሆነች?” ብዬ ብጠይቀው “ካምቢዮዋ ሄዷል” አለኝ። ከጎባ ደሎ መና ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ያሳደገኝ ሰው ከዚያ ወዲያ እህል ነጋዴ ሆነ፤ በመንገዱ መሃል ያለውን የሳነቴ ተራራ ዳግም ሳይወጣም ሞተ። በዚያ ዘመን እዚህ አገር ካምቢዮ የሚጠግን ሰው በቀላሉ አይገኝምና ማንም “ለምን አታሠራትም?” ብሎ አልጨቀጨቀውም። እኔም የካምቢዮውን መበላሸት እንደ ገዛ ስሜ አምኜ ነው የኖርኩት።

መኪናዋን ለመጠገን ያነሳሳን ቅቤ ነው። እናቴ ከሳነቴ ማዶ፣ ሪራ በምትባል መንደር፣ እኔ አይቻቸው የማላውቅ አንዲት ወዳጅ አለቻት። በየዓመቱ መስቀል ሰሞን ወደ ጎባ ገበያ የሚወጣ ሰው ከእሳቸው የተላከ አንድ ቅል ቅቤ ያደርሳል፤ እናቴም ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነውና ቅሉን ስኳር ሞልታ ትሸኛለች። ባለፈው መስቀል ቅቤው አልመጣም። እናቴ እስከ ጥቅምት ጠበቀች፣ እስከ ኅዳር ጠበቀች፣ ከዚያ እኔን ከሮቤ አስጠራችኝ። እኔ ሮቤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል ሳገላብጥ የምውል ሴት ነኝ፤ ለእሷ ደግሞ አንድ ልጇ ነኝ።

“እኔም ሳልሞት፣ እሷም ሳትሞት ዓይኗን ልየው። ሪራ ውሰጂኝ፣” አለችኝ።

“ምን ችግር አለው፤ የደሎ መና አውቶቡስ እኮ በሪራ ነው የሚያልፈው።”

“በአውቶቡስ አልሄድም። በአባትሽ መኪና ነው የምሄደው።”

“እማዬ፣ እሷ እኮ የዶሮ ማደሪያ ሆናለች!”

“ዶሮዎቹን አስወጪያቸዋ።”

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። እግሯ ያብጣል፣ ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሐኪሙ ልቧ መድከሙን ነግሮናል። ጥሩ መኪና እንከራይ አልኳት፤ እምቢ። ወዳጅሽን እኔ ሄጄ ላምጣልሽ አልኳት፤ እምቢ። በማግስቱ ስመጣ በአንድ እጇ በትር፣ በሌላው አጥሩን ይዛ ዶሮዎቹን ስታባርር አገኘኋት። ያኔ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝና መካኒክ ፍለጋ ወጣሁ።

ያገኘሁት መካኒክ የጊኒር ሰው ነው፤ ለቁም ነገሩም ለቀልዱም “ወላሂ” ይላል፣ እጁ ሲሠራ አፉ አያርፍም። ኮፋኖዋን በከፈትን ቀን ሁለታችንም አፍንጫችንን ያዝን። ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ቡናማ የደረቀ ነገር ለብሷል። መካኒኩ በጥፍሩ ፋቀ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደ።

“ቅቤ ነው፣” አለ።

“የምን ቅቤ?”

“የላም ነዋ! ወላሂ፣ ቅቤ የተቀባች ሙሽራ አይቻለሁ፤ ቅቤ የተቀባ ሞተር ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።”

እናቴን ጠራኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች መጥታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ “አዎ፣ እኔ ነኝ የቀባኋት” አለች። በየዓመቱ! ያንን የመሰለ ለጋ ቅቤ! እኔ እሷን ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር በሱቅ ዘይት የተሠራ ወጥ እየበላሁ ስመለስ፣ እሷ ለካ ቅቤውን ብረት ላይ ስትቀባ ኖራለች። ይባስ ብሎ ሽታው የጎባን አይጥ ሁሉ ጠርቷል፤ አይጦቹ ደግሞ ቅቤውን ልሰው ልሰው ወደ ሽቦው ዞረዋል። አንድ ጤነኛ ሽቦ አልተረፈም። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት።

“ግሪስ የሚባል ነገር የለም እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ነው ቅቤ መኪና ላይ የሚያፈሰው?”

“ለመኪናዋ ተብሎ ነው የሚላከው።”

“ማነው ለመኪና ቅቤ የሚልከው?”

“እሷ ናታ፣” አለችና ወደ ቤት ገባች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ ቤት ጉዱ በየመስከረሙ በቅል ተሞልቶ ሲመጣ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሁዴ ሁሉ ለዚያች መኪና ሆነ። ቅቤውን በፈላ ውኃና በቤንዚን ስናጥብ ከረምን። ሽቦውን እንዳለ አውጥተን አዲስ ዘረጋን። ካርቡራተሩን ፈትቼ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤ ለሳምንት ያህል ቢሮ ስገባ ቤንዚን ቤንዚን እሸት ስለነበር ባልደረቦቼ ከአጠገቤ ይሸሹ ነበር። የሚያንጠባጥበውን የነዳጅ ታንከር የሚበይድልን ሰው እስክናገኝ ድረስ በልብስ ሳሙና ደፈንነው። የፍሬን ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ቅቤ የነካው ብሎን ሁሉ ገና መፍቻ ሲያርፍበት እሺ ብሎ ይፈታል፤ ያልነካው ግን አንገቱ እየተቆረጠ ያስለቅሰናል። መካኒኩ “እማማ፣ ምነው ሁሉንም ቢቀቡልን ኖሮ!” እያለ በእናቴ ያሾፍ ነበር።

የግራ ፓራፋንጎዋን፣ ማለት ከፊት ጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ፣ ቀለሙን ስንፍቅ ከሥሩ የመዶሻ ምልክት ወጣ። አንድ ሰው በእጁ ቀጥቅጦ አቃንቶታል።

“የሆነ ነገር መትታለች፣” አለ መካኒኩ።

“ላም ይሆናል፣” አልኩ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ መልቀሟን ቀጠለች። ካምቢዮውን ያወረድነው በዚያው ሰሞን ነው።

ደህና መሆኑን እንደሰማሁ እጄን ሳልታጠብ ወደ እሷ ሄድኩ። “እማዬ፣ ካምቢዮው ምንም አልሆነም።”

“አውቃለሁ፣” አለች።

“ታውቂያለሽ? ታዲያ አባዬ ለምን ዋሸኝ?”

“ስንሄድ መንገድ ላይ እነግርሻለሁ። እዚህ አይወራም።”

“ለምን አይወራም?”

“ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።”

ብለምናት፣ ብቆጣ፣ ባኮርፍ ምንም አላወጣሁም። እናቴ አንዴ አልናገርም ካለች አለች ነው።

ሞተሩ የተነሳው አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። መካኒኩ ከፊት ለፊቷ በእጅ የሚዞረውን የማስነሻ ብረት ሲያሽከረክር ላብ በላብ ሆነ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰው፣ ደግሞ አስነጠሰው፣ ከዚያ ያዘ፤ ግቢው በተቃጠለ ቅቤ ሽታ ታፈነ። እየዘለልኩ ጮህኩ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ሽማግሌ ድምፁን ሰምተው ብቅ አሉ። እንኳን ደስ አላችሁ ይሉናል ብዬ ስጠብቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቴን በዓይናቸው ጠየቋት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችላቸው። “እግዚአብሔር ይርዳችሁ፣” ብለው ተመለሱ። መኪና በመነሳቷ ሰው ለምን እንደሚያዝን ግራ ገባኝ።

ማለዳ ወጣን። በጎባ ብርድ ራዲያተሯ ውስጥ የፈላ ውኃ ሞልተን አስነሳናት። እናቴ ስኳርና አዲስ ጋቢ ጭኗ ላይ ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች፤ መካኒኩ “ብትቆም ማን ሊያስነሳላችሁ ነው?” ብሎ ከኋላ ገባ። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስንወጣ አየሩ እየሳሳ ሄደ። ሞተሩ ያቃስታል፣ እናቴም ታቃስታለች፤ የማንኛቸው ትንፋሽ ቀድሞ እንደሚያልቅ እየፈራሁ ሁለቱንም አዳምጣለሁ። ሳነቴ አናት ላይ ጉም ተቀበለን። ሰው የሚያካክሉት የጅብራ ተክሎች አንድ በአንድ ብቅ እያሉ መልሰው ይጠፋሉ።

“እዚህ ጋ አቁሚ፣” አለች እናቴ።

ትንፋሽ አጥሯት መስሎኝ ደንግጬ አቆምኩ። እሷ ግን በመስኮቱ ወደ መንገዱ ዳር እያየች፣ “አባትሽ እዚህ ቦታ ሰው ገጭቷል” አለችኝ።

ቀጥላም ሁሉንም ነገረችኝ። ሰውየው ማር የጫነ ፈረስ እየጎተተ ከጉሙ ውስጥ ወጣ፤ አባቴ አላየውም። አሳፍሮት ወደ ጎባ ሆስፒታል ሲበር መንገድ ላይ አረፈበት። ነገሩን ሕግም ሽማግሌም አየው፤ የደም ካሳው፣ ጉማው፣ ተከፈለ፤ እርቅ ወረደ። አባቴ ግን ከራሱ ጋር አልታረቀም። ፓራፋንጎዋን ራሱ ቀጥቅጦ አቃና፣ ራሱ ቀለም ቀባ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ሰቀላት። ዳግም ላለመንዳት ሌላ ምክንያት ስላልነበረው ለጠየቀው ሁሉ ካምቢዮዋ ሄዷል አለ።

“ቅቤ የምትልክልኝ ወዳጄ፣” አለች እናቴ፣ “የሟች ሚስት ናት።”

መካኒኩ ከኋላ “ላ ኢላሃ ኢለላህ” ብሎ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት።

“ይሄን ማን ያውቃል?” አልኩ።

“ጎባ ሁሉ ያውቃል። አንቺ እንዳትሰሚ ብለን ለመንን፤ ሰዉም ክፉ አይደለም፣ ዝም አለልን።”

“ዝም አይነቅዝም ትያለሽ! ይኸው ነቅዞ!” ብዬ ጮህኩ። ያደግኩበት ከተማ ሰው ሁሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወለቁት ሽማግሌ ጭምር፣ ከእኔ በስተቀር ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ተሸክሞ ሰላም ሲለኝ ኖሯል። ተናደድኩ፣ አፈርኩ፣ የአባቴ ፊት ዓይኔ ላይ መጣና ደግሞ አዘንኩለት።

“ቅቤው መጀመሪያ ሲመጣ መልእክተኛው ‘ለመኪናዋ ነው’ አለን፣” አለች። “አባትሽ ቅሉን ፊቱ አስቀምጦ ሲያየው ዋለ። ‘እንዳልረሳ ነው የላከችልኝ’ አለ። ለመኪናዋ ከተባለ እንዴት ይበላል ብለን ቀባናት። እሱ ሲሞት እኔ ቀጠልኩ።”

“ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቃችሁ አታውቁም?”

“በምን አፋችን? ባሏን ገድለንባት ‘ቅቤሽ ምን ለማለት ነው’ እንበላት?”

“አሁንስ ምን ልታደርጊ ነው?”

“ደጇ ላቆምላትና የፈለገችውን ታድርጋት። ካሻትም ታቃጥላት። እኔም ይቅር በዪን ብዬ በአፌ ልንገራት። አባትሽ ይሄን መንገድ መሻገር አቅቶት ሞተ፤ እኔ እንደሱ መሞት አልፈልግም።”

መኪናዋን ማዞር ፈለግኩ። ሰው የገደለችን መኪና፣ ያውም አዲስ ቀለም ቀብተን፣ የሟች ሚስት ደጃፍ! ግን የእናቴ ከንፈር ጠቁሯል፤ ከሳነቴ ቶሎ መውረድ አለባት። ወደ ጎባ ላዙር ብላት መሪውን በሁለት እጇ ያዘችብኝ። ወደ ሪራ ነዳሁ።

ቤቱ መንገድ ዳር ነው። ሞተሩን ሳላጠፋ ሰው ወጣ። አሮጊቷን ልጃቸው በአንድ በኩል፣ ምራታቸው በሌላ በኩል ደግፈው አወጧቸው፤ ከስተዋል፣ ሳል ያፍናቸዋል። እናቴ ከመኪናዋ ወርዳ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል በክንዳቸው አነሷት፤ ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ አልፈዋት ወደ መኪናዋ መጡ። በግራው ፓራፋንጎ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

“በጋ ነጋን ዹፍተን፣” አሉ፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው በኦሮምኛ ጠየቁኝ። “ልጄ፣ ካምቢዮዋ ዳነ?”

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የሰማሁት ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ሳመነታ ደገሙልኝ። ካምቢዮዋ ዳነ ወይ?

ከእርቁ በኋላ ከጎባ ገበያ የተመለሱ ሰዎች “የዚያ ሰውዬ መኪና ካምቢዮ ሄዷል፤ ደርቃ ቆማለች” ብለው ነገሯቸው። እሳቸውም የደረቀ ነገር የሚለሰልሰው በቅባት ነው ብለው ቅቤ ላኩ። መኪናዋ አልተነሳችም ሲባል፣ አንድ ቅል አልበቃት ይሆናል ብለው በዓመቱ ደገሙ። ከዚያም በየዓመቱ።

“በዚህ መንገድ በሽተኛ ሲያይ ሳያልፍ የሚቆም አባትሽ ነበር፣” አሉኝ። “ያለውንም የሌለውንም ይጭናል። የኔ ባል የሞተው በጉም ነው፤ መኪናዋ ምን ታድርግ? እኛ እኮ እሷን ስንጠብቅ ነው የኖርነው። የዚህ ልጄ የመጀመሪያ ሚስት ምጥ ጸንቶባት በቃሬዛ ይዘናት ዳገቱን ስንወጣ፣ ዓይኔ ከመንገዱ አልተነሳም። ቅቤው ሠርቶላት ከሆነ ዛሬ ትመጣለች አልኩ። ሳነቴ ሳንደርስ እሷም በሆዷ ያለውም አረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ትልቁን ቅል ላኩ።”

በአነጋገራቸው ወቀሳ አልነበረም። ስለ ዝናብና ስለ ገብስ እንደሚያወሩ ነው ያወሩት። ልጃቸው መሬት መሬት እያየ ይሰማል። አባቴ ያንን ጤነኛ ካምቢዮ ይዞ፣ በጸጸት እጁን አጣጥፎ ጎባ ተቀምጦ ነበር። ራሱን የቀጣ መስሎት የቀጣው እነዚህን ሰዎች ነው። ሄዶ አንድ ቃል ቢጠይቅ ኖሮ! በሕይወት ቢኖር አንቄ የምይዘው ይመስለኛል፤ ወይም አቅፌው አለቅስ ነበር፣ አላውቅም።

ዘንድሮ ቅቤ ያልላኩት እጃቸው ወተት መግፋት እምቢ ስላላቸው ነው። ደረታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው በአውቶቡስ ሆስፒታል እንውሰድዎ ቢሏቸው “የጎባዋ መኪና ስትድን በእሷ እሄዳለሁ” ብለው አስቸግረዋል። እንግዲህ ሁለት አሮጊቶች፣ አንዷ ከተራራው ወዲህ፣ አንዷ ከተራራው ወዲያ፣ ያችኑ አንዲት መኪና አሻፈረኝ ብለው ጠብቀዋል።

“አልመለስሽልኝም፣” አሉኝ። “ካምቢዮዋስ?”

መካኒኩ “ወላሂ፣ ካምቢዮው እኮ” ብሎ ሲጀምር እግሩን ረገጥኩት። እናቴ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ወደ ፊት መጣች። “እህቴ፣” አለች፣ “እውነቱን ልንገርሽ። እሷ እኮ መቼም አል...”

“ድኗል!” አልኩ ጮክ ብዬ። በሕይወቴ ከእናቴ አፍ ቃል ነጥቄ አላውቅም። “ድኗል። ቅቤው ነው ያዳነው።”

እናቴ አየችኝ። አፏ ተከፍቶ ቆየ፤ ከዚያ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ “አላልኩህም?” አሉት። ከዚያ በሩን ክፈቱልኝ አሉ።

እናቴ የፊቱን ወንበር ለቅቃላቸው ከመካኒኩና ከልጃቸው ጋር ከኋላ ገባች። አዲሱን ጋቢ ትከሻቸው ላይ አደረግንላቸውና ወደ ጎባ ሆስፒታል ዞርን። መኪናዋ ዳገቱን እያቃሰተች ወጣች። ሳነቴ ላይ ጉሙ አልተነሳም ነበር። ያ ቦታ ስንደርስ እግሬ በራሱ ከነዳጁ ላይ ተነሳ፤ ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሽ ቀነስኩ። ወደ ጎኔ ለማየት ፈራሁ። በኋላ ሳይ ግን እሳቸው የሚመለከቱት መንገዱን አልነበረም፤ እጄ ያረፈበትን የማርሽ ዘንግ ነበር። ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ገባ።

“ሰማሽ?” አሉ ወደ ኋላ ለእናቴ ዞረው፣ ፊታቸው በርቶ። “እንዴት ለስልሷል!”

አሮጊቷ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

“ምን ትቆሚያለሽ፣ ልጄ?” አሉኝ። “ንጂ እንጂ!”

ነዳሁ።